የአራስ ቤት እንግዳ እና የትክትክ ክትባት

ትክትክን ብዙ ሰው ያለፈ ዘመን በሽታ አድርጎ ነው የሚያስበው። እናቶቻችን ሲያወሩ የምንሰማው፣ ከፈንጣጣ ጋር አብሮ የቀረ ነገር ይመስለናል። አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2024 አሜሪካ ውስጥ ብቻ ከ35 ሺህ በላይ ሰው በትክትክ መያዙ ተመዝግቧል። በዚያው ዓመት እንግሊዝ አገር 11 ጨቅላ ሕፃናት ሞተዋል። አገር ቤትም ከጥቂት ዓመታት በፊት ሰሜን ጎንደር፣ ጃን አሞራ ወረዳ ላይ በወረርሽኝ መልክ ተነስቶ ነበር።

ይህን የምጽፈው እዚህ ሜሪላንድ ያሉ እርጉዝ ጓደኞቼ አንድ ጥያቄ ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ ነው። «ቲዳፕ የሚባል ክትባት ተወጊ አሉኝ፣ ልወጋ እንዴ? ልጁን አይጎዳውም?» ቲዳፕ ትክትክን የሚከላከለው ክትባት ነው፣ ለአዋቂ የሚሰጠው። ሐኪም አይደለሁም። የሁለት ልጆች እናት ነኝ፣ ሁለቱንም ሳረግዝ ተወግቻለሁ፣ እስኪገባኝ ድረስ አንብቤያለሁ፣ ሐኪሜንም ደጋግሜ ጠይቄያለሁ። መልሴ አጭር ነው፦ ተወጊ። ምክንያቱ ግን ትንሽ ይረዝማል፣ በተለይ እኛን ሐበሾችን የሚመለከት ነገርም አለበት።

በመጀመሪያ በሽታውን እንወቀው። እናቴ ያደገችው ገጠር ነው። ታናሽ ወንድሟን ትክትክ የያዘው ጊዜ የምታዝለው እሷ ነበረች፣ እስከ ዛሬ ስታወራው ፊቷ ይለዋወጣል። ሳሉ አንዴ ከጀመረው አያቆምም ትላለች። ትንፋሽ ሳይስብ ትክ ትክ ትክ እያለ ዓይኑ ደም ይለብሳል፣ ምላሱ ይወጣል፣ የአንገቱ ሥር ይገታተራል፣ በመጨረሻ አየር ሲስብ እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ ያሰማል፣ ወዲያው ደግሞ የጠጣውን ሁሉ ያስመልሰዋል። ከዚያ ዝልፍልፍ ብሎ ይተኛል። ሌሊት እንደገና። እንዲህ እያለ ሳምንታት ቆየ። የአህያ ወተት ተፈልጎ ተሰጠው። የጎረቤቱን ልጅ ደግሞ እንጥሉን አስቆረጡት። የእናቴ ወንድም ከስቶ ከስቶ ተረፈ። የጎረቤቱ ልጅ አልተረፈም፤ ትክትኩ ይሁን የገደለው የእንጥሉ ቁስል ያወቀ የለም።

በዚያ ዘመን የነበሩ ወላጆች ላይ መፍረድ አይቻልም። ክትባት የለ፣ ሐኪም ቤት የለ። ኢትዮጵያ ውስጥ የሕፃናት ክትባት በፕሮግራም ደረጃ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ዛሬ ለሳል ብሎ የልጅ እንጥል የሚያስቆርጥ ሰው ካያችሁ ግን እባካችሁ ዝም አትበሉ።

ትክትክን የሚያመጣው ቦርዴቴላ ፐርቱሲስ የሚባል ባክቴሪያ ነው። የመተንፈሻ ቧንቧችን ውስጥ አክታና ቆሻሻ ጠርገው የሚያወጡ ጥቃቅን ፀጉሮች አሉ፤ ባክቴሪያው እነሱ ላይ ይጣበቅና መርዙን ይለቃል፣ ፀጉሮቹም ሥራቸውን መሥራት ያቅታቸዋል። አንቲባዮቲክ ገና ከጅምሩ ከተሰጠ ይረዳል፣ ወደ ሌላ ሰው እንዳይተላለፍም ያደርጋል። ሳሉ ከበረታ በኋላ ግን ባክቴሪያው ቢሞትም ጉዳቱ ስለደረሰ ሳሉ ቶሎ አይተውም፤ ሁለት ወር፣ ሦስት ወር ሊቆይ ይችላል። ክፋቱ ደግሞ አንድ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጉንፋን መምሰሉ ነው። ንፍጥ፣ ቀለል ያለ ሳል፣ አንዳንዴ ትንሽ ትኩሳት፣ በቃ። ወደ ሌላ ሰው በብዛት የሚተላለፈው በዚህ ጊዜ ነው። አዋቂ ሰው ከሆነ ደግሞ ሲያልፍም እንደ ጉንፋን ሊያልፍለት ይችላል፣ ትክትክ ይዞት እንደነበር ሳያውቅ።

ጨቅላ ሕፃን ላይ ግን ሌላ በሽታ ነው የሚሆነው። የሁለት ወር ልጅ እንደ እናቴ ወንድም ላይፏጭ ይችላል። ብዙም ላያስል ይችላል። ትንፋሹ ቀጥ ይላል፣ በቃ። ጡት መሳብ ያቅተዋል፣ ይለሰልሳል፣ ይጠቁራል። የእኛ ልጆች ቆዳ ላይ መጥቆሩ ቶሎ ስለማይታይ ከንፈሩን፣ ምላሱን፣ ድዱን እና ጥፍሩን እዩ፤ ሰማያዊ ወይም አመድ መስሎ ከታያችሁ ወይም ትንፋሹ ከተቋረጠ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት ወይም አምቡላንስ ጥሩ። እዚህ አሜሪካ ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ትክትክ ሲይዛቸው ከሦስቱ አንዱ ሆስፒታል ይተኛል።

እንግዲህ ክትባቱ ጋ መጣን። ሕፃን ልጅ የራሱን የትክትክ ክትባት የሚጀምረው አሜሪካ ከሆነ በ2 ወሩ ነው፤ ከዚያ በ4 ወር፣ በ6 ወር፣ ከ15 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ፣ ከ4 እስከ 6 ዓመቱ፣ ከዚያ 11 ወይም 12 ዓመት ሲሆነው። ኢትዮጵያ ከሆነ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ ነው። የመጀመሪያዋ መርፌም ብቻዋን ልጁን በደንብ አትሸፍነውም። ስለዚህ በሽታው ሊገድለው የሚችልበት ዕድሜ እና የራሱ ክትባት የሌለበት ዕድሜ አንድ ነው። ይህን ጊዜ የሚሸፍንለት እናቱ በእርግዝናዋ የምትወስደው ክትባት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እናትየው ስትወጋ ሰውነቷ በሽታውን የሚዋጉ ፀረ እንግዳ አካላት ያመርታል። እነዚህ በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ጽንሱ ያልፋሉ፣ በተለይ በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት። ልጁ የእናቱን መከላከያ ይዞ ይወለዳል ማለት ነው። መከላከያው እስኪመረት ሁለት ሳምንት ያህል ስለሚፈጅ እዚህ ከ27ኛው እስከ 36ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ተወጊ ይላሉ፣ ያውም ቀደም ብሎ ቢሆን ይመረጣል። እስራኤል ያላችሁም ከ27 እስከ 36 ሳምንት ነው። እንግሊዝ ከ16ኛው ሳምንት ጀምሮ ይሰጣል።

«ለመጀመሪያ ልጄ ተወግቼ ነበር እኮ» የምትሉኝ አላችሁ። ያ ለመጀመሪያ ልጅሽ ነበር። ፀረ እንግዳ አካሉ በጊዜ ብዛት እየቀነሰ ስለሚሄድ ለሁለተኛው የሚተርፍ በቂ ነገር አይኖርም። በእያንዳንዱ እርግዝና አንድ ጊዜ ነው። አሜሪካ ይህን መመሪያ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው፣ ስለዚህ ከዚያ በፊት የወለዱ ታላላቆቻችሁ «እኛ መቼ ተወጋን» ቢሏችሁ እውነታቸውን ነው።

ይሠራል ወይ ለሚለው እንግሊዝን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2012 ትክትክ እንደገና ተነሳና በዚያ ዓመት 14 ጨቅላዎች ሞቱ፣ ገና ለክትባት ሳይደርሱ። በዚያው ዓመት መጸው ላይ ለእርጉዞች ክትባት መስጠት ተጀመረ፣ ለጊዜው ተብሎ። ቆጥረው ሲያዩት እናቶቻቸው የተከተቡላቸው፣ ሦስት ወር ያልሞላቸው ሕፃናት በትክትክ የመያዝ ዕድላቸው በ90 በመቶ ገደማ ቀንሶ አገኙት። ለጊዜው የተባለው ፕሮግራም ቋሚ ሆኖ ቀረ፣ ዛሬም አለ። የሚያሳዝነው ግን የሚከተቡ እርጉዞች ቁጥር ከ70 በመቶ በላይ ደርሶ ከነበረበት ወደ 60 በመቶ አካባቢ ወረደ፣ 2024 መጣ፣ መጀመሪያ ላይ የነገርኳችሁ 11 ሕፃናት ሞቱ። ይህን ሳነብ ትንሹ ልጄ ደረቴ ላይ ተኝቶ ነበር፣ መጨረስ አቃተኝ።

አሁን ፍርሃቱን እናንሳ፣ ምክንያቱም ፍርሃቱ ይገባኛል። እርጉዝ ሆኖ ከራስ ምታት ኪኒን እንኳ መሸሽ አለ። ቲዳፕ ውስጥ ሕይወት ያለው ባክቴሪያ የለም፤ የባክቴሪያው ቁርጥራጭ ነው ያለው፣ ስለዚህ አንቺንም ልጁንም ትክትክ ሊያስይዝ አይችልም። ክንድ ያማል፣ ድካም ድካም ሊል ይችላል፣ አንዳንዷን ያተኩሳታል፣ አንድ ሁለት ቀን። እኔ በተወጋሁበት ጎን መተኛት አልቻልኩም ነበር፣ በማግስቱ ለቀቀኝ። ከዚህ በፊት በክትባት ከባድ አለርጂ የገጠማት ካለች ግን ከመወጋቷ በፊት ለሐኪሟ ትንገር።

ክትባቱ ራሱም ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም። 1930ዎቹ ላይ፣ አሜሪካ በድህነት ስትማቅቅ፣ ፐርል ኬንድሪክ እና ግሬስ ኤልደሪንግ የሚባሉ ሁለት ሴቶች ሚሺጋን ውስጥ ግራንድ ራፒድስ ከተማ ከሥራ በኋላ ማታ ማታ በላምባ መብራት በየድሃው ቤት ይዞሩ ነበር። የታመመውን ልጅ ጠፍጣፋ የመስታወት ሳህን ላይ ያስሉታል፣ ሳህኑን ላብራቶሪ ወስደው ባክቴሪያውን ያሳድጋሉ። ጥሩ የሚሠራ የትክትክ ክትባት የተገኘው ከዚህ ልፋት ነው። ስለነዚህ ሴቶች በትምህርት ቤት አንድም ቀን ተነግሮን አያውቅም፣ መነገር ነበረበት።

«እኛ ስናረግዝ የተወጋነው የመንጋጋ ቆልፍ ነው፣ ይሄኛው ከየት መጣ?» ያለችኝ እናቴ ናት፣ በስልክ። ትክክል ናት። ኢትዮጵያ ውስጥ ለእርጉዝ በመደበኛነት የሚሰጠው የመንጋጋ ቆልፍ እና የዘጊ አነዳ ክትባት ነው። ቲዳፕ እነዚህኑ ሁለቱን ይዞ ትክትክን ይጨምራል። ስለዚህ ከአገር ቤት አርግዛ የመጣች ሴት «ተወግቼ ነው የመጣሁት» ብላ እንዳትተወው፤ የወሰደችውን በካርዷ ለሐኪሟ ታሳይ፣ ትክትክ የሌለበት ሊሆን ይችላልና።

እኛን ሐበሾችን በተለይ ይመለከታል ያልኩት ነገር ይኼ ነው። ሴት ስትወልድ ቤቷ ይሞላል። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ዘመድ ይመጣል፣ ጎረቤት ይመጣል፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው፣ የዕድር ሰው ይመጣል። ገንፎ ይገነፋል፣ አጥሚት ይፈላል፣ ልጁ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ ጉንጩን ይሳማል። ወንድ ከሆነ በ40 ቀኑ ክርስትና ይነሳል፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀኗ። ሙስሊም ቤት ከሆነ አቂቃው በ7ኛው ቀን ነው። አሁን ይህን ከክትባቱ ቀን ጋር አስተያዩት። ወንዱ ክርስትና በሚነሳበት ቀን አንድም የትክትክ ክትባት የለውም፣ አገር ቤትም ቢሆን፣ 6 ሳምንት 42 ቀን ነውና። ሴቷ በ80 ቀኗ እዚህ አንድ፣ አገር ቤት ሁለት ወስዳለች፣ ያውም ሁሉም በቀኑ ከተሰጣት። ከዓመቱ ሁሉ ብዙ ሰው ልጃችንን የሚስምበት ጊዜ ልጁ ከእናቱ ካገኘው በቀር ምንም የሌለው ጊዜ ነው።

ጥየቃው ይቅር አልልም። እኔ እንኳን ልለው፣ ያ የሰው ግርግር ባይኖር የመጀመሪያውን ልጄን የወለድኩበትን ክረምት እንዴት እንደምወጣው አላውቅም፣ እዚህ አገር አራስ ብቻዋን ተዘግቶባት ስትቀመጥ አይቻለሁና። የምለው ሌላ ነው። እናትየው ትከተብ፣ ቤት ውስጥ አብረው የሚኖሩትም ይከተቡ፣ የሚያስል ሰው ደግሞ ሲሻለው ይምጣ። ባለቤቴ ሁለተኛውን ስንወልድ ለሁሉም ቀድሞ ደወለ፦ «ጉንፋን ብጤ የጀመረው ሰው ካለ ይቅርታ፣ ሲሻለው እንጠብቀዋለን።» ደወሉን ያልሰሙ አንድ ትልቅ ሴት እያሳሉ መጡ። በሩ ላይ፣ «እትዬ፣ እንኳን ደህና መጡ፣ ይግቡ፣ ልጁን ግን ሳልዎ ሲለቅዎት ነው የማሳቅፍዎት» አልኳቸው፣ እየፈራሁ። ትንሽ ፊታቸው ጠቆረ። ከዚያ «ምን ፈርተሽ ነው?» አሉኝ። «ትክትክ» አልኳቸው። ወዲያው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉና «አዬ ትክትክ!» ብለው ወንበራቸውን ራሳቸው ወደ በሩ ጎተቱት። በዕድሜ የገፉት ሰዎች ማብራሪያ አይፈልጉም፣ በሽታውን በዓይናቸው አይተውታል። ከባዱ እኩዮቻችንን ማሳመን ነው።

ከአገር ቤት ለማረስ የምትመጣ እናት ካለችም ትኬት ሲቆረጥ ክትባቷም አብሮ ይታሰብ። አያት ከማንም በላይ ልጁን የምታቅፍ ሰው ናት። ልጁ ከመወለዱ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላ ብትወጋ ነው የሚሻለው። እናቴን ከመጣች በኋላ ሰፈራችን ያለ ፋርማሲ ወስጄ ነው ያስወጋኋት። «እኔ አሮጊቷን ምን ልታደርጊኝ ነው፣ ክትባት ለልጅ አይደለም እንዴ?» አለችኝ። «ለልጅ ነው እማዬ፣ ለልጅሽ ልጅ» አልኳት። እጅጌዋን ሰብስባ ተቀመጠች። ኢንሹራንስ ለሌላቸው ወላጆች የካውንቲ ጤና መምሪያዎች በቅናሽ ወይም በነፃ የሚሰጡበት ጊዜ ስላለ ደውላችሁ ጠይቁ።

አዲስ አበባ ያለችው እህቴ በቅርቡ ትወልዳለች። ለእሷ ያልኳት ትንሽ ይለያል። እዚያ የእርጉዝ የትክትክ ክትባት በመደበኛነት ስለማይሰጥ ሸክሙ ሁሉ የሚያርፈው 6ኛው ሳምንት ላይ ነው። ያ ቀን በምንም ምክንያት አይለፍ፤ ክርስትና ነው፣ እንግዳ አለ፣ ዝናብ ነው አይባልም። የሚያስል ሰውም እስከዚያ ይራቅ። ለልጆች የሚሰጠው ፔንታቫለንት ይባላል፣ ኢትዮጵያ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የምትሰጠው፣ በአንድ መርፌ አምስት በሽታ የሚከላከል፦ ትክትክ፣ ዘጊ አነዳ፣ መንጋጋ ቆልፍ፣ የጉበት በሽታ ቢ፣ እና የሳንባ ምችና ማጅራት ገትር የሚያመጣ አንድ ባክቴሪያ።

ችግሩ ብዙ ልጅ ይጀምራል፣ አይጨርስም። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ የጤና ጥናት ከ12 እስከ 23 ወር ዕድሜ ካላቸው ልጆች የመጀመሪያውን ፔንታቫለንት የወሰዱት 76 በመቶ ነበሩ፣ ሦስተኛውን ግን 61 በመቶ። በመሃል የቀሩት ልጆች እናቶቻቸው ክትባት የማይፈልጉ ሴቶች አይደሉም፣ አንድ ጊዜ ይዘው ሄደዋል እኮ። ጤና ጣቢያው ሩቅ ነው፣ አዝመራ ይደርሳል፣ ጦርነት መንገድ ይዘጋል። ደግሞ አለ፣ ልጁ በተወጋበት ሌሊት ያተኩሰዋል፣ ጭኑ ያብጣል፣ ሲያለቅስ ያድራል፣ እናትየው «ደህና ልጄን አሳመሙብኝ» ብላ ሳትመለስ ትቀራለች። አገር ቤት የሚሰጠው ክትባት ሙሉው፣ የሞተው ባክቴሪያ ያለበት ስለሆነ እዚህ ከሚሰጠው የበለጠ ያተኩሳል። ይህን ቀድሞ የነገራት ሰው ቢኖር ኖሮ ትመለስ ነበር። እህቴን አስቀድሜ የነገርኳት እሱን ነው፦ ያተኩሰዋል፣ አንድ ሁለት ቀን ነው፣ ጡት ደጋግመሽ ስጪው፣ የማስታገሻውን መጠን እዚያው ከነርሷ ጠይቂ፣ የተወጋበት ቦታ ላይ ቅቤም ሆነ ሌላ ነገር አትቀቢ፣ አትሺው። ትኩሳቱ ከጠና ወይም ልጁ አልነቃ ካለ ይዘሽው ተመለሺ።

ክትባቱ ፍጹም ነው እያልኩም አይደለም። በዓመታት ውስጥ ኃይሉ ይቀንሳል፣ በተለይ እዚህ የሚሰጠው፣ ለዚህ ነው ልጆች አድገውም የሚደገምላቸው። የተከተበ ልጅ ሊይዘው ይችላል፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀለል ብሎ ነው የሚያልፍለት። የዓለም ጤና ድርጅትም ሦስቱን የጨረሰ ልጅ ከዓመቱ በኋላ ማጠናከሪያ ቢያገኝ ይመክራል።

አንዳንዶቻችሁ ሳትወጉ ወልዳችሁ ይሆናል። አሁኑኑ ተወጉ፣ ቢያንስ እናንተ እንዳታስይዙት። በጡት ወተት የሚያልፍ ጥቂት ነገር አለ፣ በእንግዴ ልጁ በኩል ያመለጠውን ግን አይተካም፣ ስለዚህ የልጁ የመጀመሪያ ክትባት በቀኑ ይሁን። ልጃችሁ አንድ ወይም ሁለት ወስዶ ያቋረጠ ከሆነም አትፈሩ፣ ጤና ጣቢያ የሚቆጣችሁ ቢኖር እንኳ ታገሱት። እንደ አዲስ ከአንድ አይጀመርም፣ ካቆመበት ነው የሚቀጥለው። ካርዱ ቤት ውስጥ ካለ ይዛችሁ ሂዱ፣ ከጠፋም ልጁን ይዛችሁ ሂዱ።